ወንዙን ያልተሻገረው እረኛ

ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ እሑድ ረፋድ ላይ ያለቀ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ወላጆቼን ቀብሬአለሁ። ሰው ግን «ሕይወትሽን የለወጠው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ያችን ቅዳሜ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ አገሩ ወለጋ፣ ሲሬ ከተማ።

ስሜ አስቴር ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት ነቀምት ነው። አባቴ አናጢ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈራችን ጸሎት ቤት መዝሙር ይመራ ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚወራው ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ግቢ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ሦስቱም ቋንቋ እንደ ሦስት ክፍል ቤት ነበር የሚመስለኝ፤ ካንዱ ወጥቼ ወደ ሌላው ስገባ በሩ እንኳ አይታወቀኝም።

እንግሊዝኛ ያስተማሩን ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። ቀጭን፣ ፀሐይም ዝናብም ቢሆን ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የድሮ እንግሊዞች ስለ ገጠር የገጠሙትን ግጥም ነው፤ ሜዳውን፣ በጎቹን፣ ጅረቱን፣ የእረኛውንና የወደዳትን ልጅ ነገር። ሲያነቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «እንግሊዝ አገር እውነት እንደዚህ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔም አላየሁትም» አሉኝ። «የገጠሙትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከተሜዎች ናቸው። እረኛማ ግጥም የሚጽፍበት ጊዜ ከየት ያመጣል?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን አላሰብኩበትም።

ከእነዚያ ግጥሞች አንዱን በቃሌ ያዝኩት። ደራሲው አይታወቅም ነበር። አንድ እረኛ ከጅረት ወዲህ ማዶ ቆሞ ከወዲያ ማዶ ልብስ የምታጥብ ልጅ ይጣራል። የእሱ ሸለቆ ንቡ እንዴት እንደሚያዜም፣ ሣሩ እንዴት ጉልበት እንደሚደርስ፣ ጥላው እንዴት እንደሚያስተኛ ይነግራታል። «ነይ፣ ወዲህ ነይ» ይላታል። ግጥሙ ረጅም ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚያወራው ስለ ሸለቆው ውበት ነው። ለእኔ በዚያ ዕድሜዬ ገጠር ማለት ያ ሸለቆ ነበር።

የመምህርነት ሥልጠናዬን እንደጨረስኩ ሲሬ ተመደብኩ። አባቴ ደስ አላለውም፤ ብቻዬን መሆኔ ነበር ያስጨነቀው። ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ፣ ከጋሽ ሸምሱ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶልኝ ተመለሰ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በአውቶቡስ ነቀምት እየሄድኩ እንድጠይቀው አስማለኝ።

ሲሬን ወደድኳት። ተማሪዎቼ ብዙ ስለነበሩ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ከግቢው ወጥተን ከመንገዱ በላይ ያለች ሾላ ሥር እንቀመጣለን። ያንን ግጥም እዚያ ነበር የማስተምራቸው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ ያልገባቸው ካሉ በኦሮምኛ እተረጉማለሁ። እነሱም በዜማ እየተቀባበሉ ይደግሙታል።

ከሾላዋ ትይዩ ጉብታ አለ። አንድ ቀን እዚያ ላይ ፈረሰኛ ቆሞ አየሁ። አላፊ መንገደኛ መስሎኝ ተውኩት። በማግስቱም ቆሞ ነበር። ግጥሙን ስንጀምር ይመጣል፤ ስንጨርስ ይሄዳል። ፊቱ አይታየኝም፤ ነጭ ጋቢውና የፈረሱ ጆሮ ብቻ ነው የሚታየኝ። ተማሪዎቹን «ማን ነው?» ስላቸው እርስ በርስ ተያይተው ዝም አሉ። ልጅ ዝም ሲል መጠርጠር ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። እኔማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግጥም የሚወድ ሰው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ይመጡ ጀመር። ገበያ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ከኋላዬ መጥታ ጠጉሬን ዳበሰችና «ማሻ አላህ» እንደሚል ሰው ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴት አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ማየት አቆመች። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁሞኝ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የጎሳችንን ስም ጠየቀኝ። እኔም እንደ ጨዋታ ቆጥሬ እስከማውቀው ድረስ ቆጠርኩለት። ራሱን እየነቀነቀ «ደህና ነው፣ አንገናኝም» አለ። ያኔ አልገባኝም። የዘር ቆጠራው ምን ለማጣራት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ዓርብ ማታ ላይ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ሳይዘጋ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ነገ ነቀምት ነሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ።»

«ተይው። ሰኞ እኔ ዕቃ ላመጣ ስሄድ በመኪናዬ አደርስሻለሁ።»

«ሰኞማ ክፍል አለኝ ጋሽ ሸምሱ። ምነው፣ ምን ሆነ?»

ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየ። «ምንም» አለ። «ቅዳሜ ሰው ይበዛል፤ እሱን ብዬ ነው።» ድምፁ ግን ሌላ ነገር እየተናገረ ነበር። አፉ ላይ የደረሰውን ነገር ዋጠና የሱቁን መዝጊያ ጎተተ።

ጠዋት ስወጣ ጉም ነበር። ፌርማታው ላይ ሁልጊዜ ቆሎና ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጣሉ። «አካም ቡልቴ ቲቸር» ሲሉኝ፣ እኔም «እንዴት አደራችሁ» ሳልላቸው አልፌ አላውቅም። ያን ቀን ሰላም ስላቸው አንዷም አልመለሰችም። ቀና ብለው ከጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ እቃቸውን ይሰበስቡ ጀመር። አንባቢዎቼ፣ እኔን ያስፈራኝ በኋላ የሰማሁት የፈረስ ኮቴ አይደለም። የእነዚያ ሴቶች ዝምታ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እኔ ብቻ እንደማላውቀው ያን ጊዜ ገባኝ።

ለመሮጥ ዞርኩ። ፈረሶቹ ግን ከሁለቱም ወገን መጡ። ከፊት ያለው ጠብደል ያለ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሽማግሌ ነበር፤ የአካባቢው ባላባት ኦቦ ቡልቶ መሆናቸውን በመልክ አውቃለሁ። ወረዳ ገዢው እንኳ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሰው ናቸው። አንዱ ወገቤን ይዞ ወደ ኮርቻ አነሣኝ፤ ሌላው ጋቢ ፊቴ ላይ ጣለ። ጮኽኩ። የአባቴን ስም ጠራሁ፣ የጋሽ ሸምሱን ስም ጠራሁ። ቅርብ የሆነ ቦታ የቤት መዝጊያ ሲዘጋ ሰማሁ። ለእኔ መልስ የሰጠኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው።

ጋቢው ከፊቴ ላይ ሲነሣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ሴቶች እልል አሉ። ኦቦ ቡልቶ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ በር ላይ ለቆሙ አሮጊት ተናገሩ።

«ጋዲሴ፣ እጅሽ ላይ ናት። ጊደሯንና ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል።»

ምን እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። በዚያ አገር ባህል ጊደር ታርዳ ደሟ የሙሽራዋንና የሙሽራውን እጅ ከነካ ጋብቻው ታሰረ ማለት ነው፤ የሚፈታው የለም። ከዚያ በኋላ አባቴ ዳኛ ቢያመጣ፣ ዳኛው «ሽማግሌ ያሰረውን እኔ አልፈታም» ብሎ ይመልሰዋል። እንዲያ ሆነው የቀሩ የክፍል ጓደኞች ነበሩኝ።

አዴ ጋዲሴ፣ አዴ በእኛ እናት እንደ ማለት ነው፣ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው እንደ እንጨት የደረቀ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ኦቦ ቡልቶ የባላቸው ወንድም ናቸው። መደብ ላይ አስቀመጡኝና ወተት ቀዱልኝ። አልጠጣሁም። አለቀስኩ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሽከረክራሉ።

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ትጠጪዋለሽ» አሉኝ። «እኔም አልቅሼ ነበር። ያልቃል።»

ከጩኸት ይልቅ ይህ አነጋገራቸው አስፈራኝ።

«ማሎ፣ እናቴ፣ እባክዎ ልቀቁኝ።»

«እኔ ብለቅሽ በር ላይ ያሉት የቡልቶ ሰዎች አይለቁሽም።» እንዝርቱን አቆሙ። «ደግሞስ ለምን ትጮኺያለሽ? ልጄ ኢተፋ ይወድሻል። አንቺም ገጠር መኖር የምትመኚ ልጅ ነሽ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እሱ ነዋ። ከጉብታው ላይ ሆኖ ሲሰማሽ ከረመ። የእረኛ ግጥም ታስተምሪ የለም? ምን እንደሚል ልጆቹን ጠይቆ ነግረውታል። እረኛው ልጅቷን ከወንዝ ማዶ ወደ ገጠሩ ይወስዳታል አሉ። "አዮ፣ እሷ ራሷ ናት የምታስተምረው፤ ብወስዳት አትከፋም" አለኝ። አጎቱም "እንግዲያማ ምን ትጠብቃለህ" አለው።»

በጉብታው ላይ የነበረው ነጭ ጋቢ በዓይኔ መጣ። ያን ግጥም ዓይኔን እንደ መምህሬ ጨፍኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«አልወሰዳትም» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

«እረኛው ልጅቷን አልወሰዳትም። ጠራት እንጂ።»

«ያው አይደለም?»

«አይደለም እናቴ። ጅረቱ ትንሽ ናት፤ ሰው አንድ እግሩን ቢያነሣ ይሻገራታል። እሱ ግን አልተሻገረም። ግጥሙ ሲያልቅ እንዲህ ይላታል፦ "ያ ማዶ ያንቺ ነው፤ ይህ ማዶ የእኔ ነው። ልብሽ ካመጣሽ ትመጫለሽ። ካላመጣሽ ልብስሽን አጥበሽ በሰላም ግቢ።"»

አዴ ጋዲሴ ቀና ብለው አዩኝ። ጥጡ ከእጃቸው ላይ ተንከባሎ ወደቀ።

«እሷስ ምን አለችው?»

«ግጥሙ አይናገርም።»

«ሳትሻገር ብትቀርስ?»

«በጎቹን ነድቶ ይገባል።»

«ሰው ሳይስቅበት?»

«እሱንም አይናገርም።»

ተነሥተው በሩን ከፈቱና «ኢተፋ!» ብለው ተጣሩ። «ና ግባ። ግማሹን ብቻ ነው የሰማኸው።»

ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየሁት። ከእኔ እምብዛም አይበልጥም። ፊቱ ላይ የክፋት ምልክት ፈለግሁና አጣሁ። የበለጠ ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በምን እንደምጠላው አውቅ ነበር።

እናቱ «ንገሪው» አሉኝ። ነገርኩት። መሬት መሬት እያየ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«እኔ የሰማሁት "ነይ" የሚለውን ነው» አለ።

«ብትጠይቀኝ የቀረውን እነግርህ ነበር።»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኝ ነበር።»

«አዎ። እምቢ እልህ ነበር።»

ከውጭ የፈረሶቹ ልጓም ሲንኳኳ ይሰማል። ኢተፋ ወደ እናቱ ዞረ።

«አዮ፣ አሁን ልመልሳት ብል አጎቴ ይሰማኛል? ሽማግሌ ጠርቷል። እኔ ብተዋት ለሌላው የወንድሙ ልጅ ነው የሚሰጣት። "አንድ ጊዜ የተጠለፈች ባዶ እጇን አትመለስም፤ ስሜ ይዋረዳል" ብሎኛል። እኛንም ከመሬቱ ያስነሣናል።»

ይህን ብሎ ወጣ። ጸጸቱ እውነት ነበር። ግን ጸጸቱ በሩን አልከፈተልኝም። ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ቆመ።

በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ከመሬቱ ወደ ምሰሶው ወጣ፤ ከምሰሶው ወደ ጣሪያው መቃረብ ጀመረ። አዴ ጋዲሴ እንዝርታቸውን ዳግም አላነሡም። እኔም ለቅሶዬ ደርቆ ነበር። ከሩቅ ጊደር ስትጮህ ሰማሁ። እየቀረበች ነው።

ያን ጊዜ አሮጊቷ ተነሡ። ጓዳ ገብተው ትንሽ ቆዩና የማር ቅል ይዘው ወጡ። እልል ሲሉ ከነበሩት ሴቶች ሁለቱን ወደ ውስጥ ጠርተው በሩን በመቀርቀሪያ ዘጉት። አንደኛዋ ጎረቤት ናት። ሁለተኛዋ አዴ ሊኬ የምትባል የኦቦ ቡልቶ የገዛ እህት ናት።

«ስሚኝ» አሉኝ አዴ ጋዲሴ። «ይህን የምልሽን ካደረግሽ መመለሻ የለውም። የአንድ ቀን ማታለያ አይደለም። ስታመም ታስታምሚኛለሽ። ስሞት ፀጉርሽን ፈተሽ ታለቅሺልኛለሽ። እኔም ላንቺ እንዲሁ። ትችያለሽ?»

«ምንድን ነው የማደርገው?»

አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ወደ አፌ አስጠጉ። «ጥቢ።»

የጡት ልጅነት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በምስክር ፊት የአንዲትን ሴት ጡት ወይም አውራ ጣት በማር የጠባ ሰው ከማኅፀኗ እንደወጣ ይቆጠራል። የእሷ ልጆች ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው፤ የባሏም ጎሳ ጎሳው ነው። በወንድምና በእህት መካከል ደግሞ የጊደር ደም አይፈስም።

ጎረቤቲቱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ጋዲሴ፣ አብደሻል? ቡልቶ ይገድለናል!»

«የሚገድለው እኔን ነው። አንቺ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።»

እኔ እንኳ አመነታሁ፤ አልደብቃችሁም። ሰባኪያችን እንዲህ ያለውን የቀድሞ ልማድ ሲያወግዝ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ከዚህም በላይ ጠልፎ ያመጣኝን ሰው ዕድሜ ልኬን ወንድሜ ልለው ነው። በሩ ተደበደበ። «ክፈቱ!» አሉ ኦቦ ቡልቶ። ዓይኔን ጨፈንኩና ጠባሁ። ማሩ ጭስ ጭስ ይል ነበር።

አዴ ጋዲሴ በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ግቢው በሰው ሞልቷል። ጊደሯ ምሰሶ ላይ ታስራለች፤ ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ቆመዋል።

«ልጅቷን አውጪያት» አሉ ኦቦ ቡልቶ።

«የትኛዋን ልጅ?»

«ሙሽራዋን ነዋ!»

«በዚህ ቤት ሙሽራ የለም። የጡት ልጄ ናት ያለችው።»

ኦቦ ቡልቶ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የአሮጊቷን ፊት አይተው ሳቃቸውን አቆሙ። ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ውሸት ነው። ሴት ብቻዋን የፈጠረችው ውሸት ነው።»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እጁን አነሣ። «ቆይ ቡልቶ። ምስክር አለ?»

ሁሉም ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረ። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አቀረቀረች። ቡልቶ ወደ እህታቸው አዩ። አዴ ሊኬ የወንድሟን ጠመንጃ እያየች ቆማለች። አንባቢዎቼ፣ ይህች ሴት ጠዋት ስመጣ እልል ያለችው ናት። ምን ዕዳ አለባት?

«አይቻለሁ» አለች። ወደ ሽማግሌው ዞራ ደገመችው። «በዓይኔ አይቻለሁ። ጠብታለች።»

«ሊኬ!» ብለው ጮኹ ቡልቶ።

«ዋሽቼ እንድሞት ትፈልጋለህ?»

ቡልቶ ወደ ኢተፋ ዞሩ። «አንተስ? ወንድ አይደለህም? ምን ትላለህ?»

ኢተፋ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጊዜ ይረዝምብኛል። ከዚያ ከሰዎቹ መሐል ወጥቶ እናቱ አጠገብ ቆመና «እህቴ ናት» አለ።

ሽማግሌው በትሩን መሬት ላይ መታ። «አለቀ። እህትና ወንድም ላይ ደም የሚያፈስ እጅ የለንም። ጊደሯ መታረዷ ካልቀረ ለጡት ልጅ ደስታ ትታረድ።»

ኦቦ ቡልቶ ጊደሯን ፈትተው ራሳቸው ጎትተው ወሰዷት። ከግቢው ሲወጡ ዞረው «ጋዲሴ፣ የቆምሽበት መሬት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አሉ። አዴ ጋዲሴ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጠዋት የቀዱልኝን ወተት አነሡና ራሳቸው ጠጡት።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ወደ መንገድ ወጣን፤ እኔና አዴ ጋዲሴ በበቅሎ፣ ኢተፋ በእግሩ። ወደ ሲሬ ስንቃረብ መንገዱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። የጋሽ ሸምሱ መኪና ነው። በአፉ ሊነግረኝ ያልደፈረውን ነገር፣ ከተወሰድኩ በኋላ ነቀምት ድረስ ነድቶ ለአባቴ ነግሯል። የመኪናው ጭነት ሰው ነበር፤ አጎቶቼ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል። የዳንኤል እጅ ላይ ጠመንጃ አለ።

ኢተፋን ሲያይ አነጣጠረ። ማን እንደሆነ ጋሽ ሸምሱ ነግሮታል።

ከበቅሎዋ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በሁለቱ መካከል ሮጥኩ። «አትተኩስ!»

«ዞር በይ አስቴር! እሱ ነው አይደል?»

«አትተኩስ! ወንድሜ ነው!»

ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ እሬት መረረኝ። ያን ሰው አልወደድኩትም፣ ይቅርም አላልኩትም ነበር። ነገር ግን ትናንት አንዲት ሴት ሁሉን ነገሯን የጣለችበት ቃል ነው፤ ዛሬ እኔ ብክደው ከእሷ ፊት ልጇ ይወድቃል። ዳንኤል አፈሙዙን አላወረደም። አባቴ ከመኪናው ወርዶ በእጁ ወደ መሬት ገፋው። ከዚያ ወደ አዴ ጋዲሴ ሄደ።

እሳቸው ከበቅሎ ሳይወርዱ «ልጃችንን አመጣሁ» አሉት።

አባቴ ሁለቱን ሴቶች፣ እሳቸውንና እኔን፣ እያፈራረቀ አየ። ጎንበስ ብሎ የአሮጊቷን ጉልበት ሳመ።

ኦቦ ቡልቶ እንደዛቱት አደረጉ። ዝናቡ ሳይገባ አዴ ጋዲሴንና ኢተፋን ከመሬታቸው አስነሧቸው። ጉቴ አጠገብ የአባቴ ዘመዶች ትንሽ ቦታ ሰጧቸው፤ ቤቱን የሠራው አባቴ ነው፣ በሩንም መስኮቱንም በእጁ አበጀ። ኢተፋ ያን ሰፊ ግቢ ትቶ የሰው እርሻ ሲያርስ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ «በአንቺ ምክንያት» ሲለኝ አልሰማሁም። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ጋቢ የለበሰ ሰው በፈረስ ሲመጣ ካየሁ ዛሬም መንገድ እለውጣለሁ። ይቅርታ በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አድርገው የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የእኔ እንዲያ አልነበረም። መጣ፣ ግን ቆይቶ መጣ።

የሆነውን ለሚስተር ኩሪያን ሄጄ ነገርኳቸው። ክራቫታቸውን ሲያላሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይህን ግጥም ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬዋለሁ» አሉ። «ስለ ሸለቆው ጠይቄአለሁ፣ ስለ ዜማው ጠይቄአለሁ። ልጅቷ ምን እንዳሰበች ግን አንድም ተማሪ ጠይቄ አላውቅም።»

እኔ ወደ ሲሬ ተመልሼ አስተማርኩ። አባቴ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት። ፌርማታው ላይ ያሉት ሴቶች ለብዙ ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም ነበር፤ እኔ ቀድሜ ሰላም እላቸዋለሁ። የእረኛውን ግጥም ሳስተምር ሸለቆውን ቶሎ አልፈዋለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሴቶቹን ልጆች አንድ በአንድ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺለት ነበር?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ። ከዚያ ይናገራሉ። ወንዶቹም ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

አንባቢዎቼ፣ ግጥም አዳነኝ ብዬ አልነግራችሁም። ግማሹን የሰሙት ግጥም እንዲያውም ወደዚያ ቤት ወስዶኛል። ያዳኑኝ ለእኔ ምንም ዕዳ የሌለባቸው ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ዝም ብለው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ክፉ ነገር የሚሠራው ክፉ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየመንገዱ ዳር እቃውን የሚሰበስበውን፣ መዝጊያውን የሚዘጋውን ሰው ነው የማየው። እኔም ስንት ጊዜ መዝጊያዬ አጠገብ እንደቆምኩ እቆጥራለሁ።

አዴ ጋዲሴ፣ እኔም እንደ ኢተፋ አዮ ነው የምላቸው፣ በመጨረሻ ሲታመሙ ነቀምት አምጥቼ ቤቴ አስታመምኳቸው። ሲሞቱም ፀጉሬን ፈትቼ አለቀስኩላቸው። ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አስቀምጫቸው፣ ስንት ዘመን ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«አዮ፣ ያን ቀን ለምንድን ነው እንዲያ ያደረጉት? መሬትዎንም ልጅዎንም የሚያጡበት ነገር ነበር።»

ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አደረጉ።

«እኔን ወደዚያ ቤት ሲያመጡኝ ካንቺ ትንሽ አንስ ነበር» አሉኝ። «አማቴ መደብ ላይ አስቀመጠችኝ። ወተት ሰጠችኝ። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። በኋላ የቤቱ እመቤት ስሆን ጓዳውን ሁሉ አወቅሁት።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አማቴ በዚያም ቀን ማር ነበራት።»